ከፊርማው በላይ

መስኮት ቁጥር አራት፣ ደብረ ብርሃን ገቢዎች፣
ከመስታወቱ ማዶ የተሰለፉ ሰዎች
«ዛሬም ተቆጥታለች» ይላሉ ስለ እኔ።
አልተቆጣሁም እኮ። አፌ ነው፣ ወገኔ፤
ዳርና ዳሩ ነው ቁልቁል የሚወርደው፣
እንደ ጣርማበር መንገድ ጭጋግ የጋረደው።

በፍሬሕይወት ሰርግ ፎቶ አንሺው ታከተ፤
«እባክዎ፣ ፈገግ» እያለ ወተወተ፤
ካሜራውን አውርዶ፣ መልሶ አነሳና፣
«ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ» አለኝ እንደገና።
ፈገግ ብዬ ነበር።

ዕቁብ ሲወጣልኝ ለማንም አልነገርኩ፤
ከሌሊቱ አሥራ አንድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።
ጫጫን፣ ሸኖን አልፈን ሰንዳፋ ስንደርስ፣
ነጠላዬን ሳብኩት አፍንጫዬ ድረስ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጣቱ ቀዝቃዛ ነው።
ጉንጬን ወደ ጆሮ ሳብ አድርጎ ያዘው፤
መስታወት ሲሰጠኝ አንዲት ሴት አየችኝ፣
አሥር ዓመት ታናሼ፣ ሰላም ያላለችኝ።
ጣቱን ለቀቀና አፌ ተመለሰ፣
በረቱን እንዳወቀ በግ ቀስ ብሎ ደረሰ።

«እውነቱን ልንገርዎ» አለኝ ወንበር ስቦ፤
«የሚነሳው ጉንጭ ነው፣ ቆዳው ተሰብስቦ።
የአፍዎ ጫፍ ሩቅ ነው፤ ከጆሮ ቢስቡት
ላይሰማ ይችላል፤ ብዙ አይጠብቁት።»

አባቴ መሐል ሜዳ በርኖስ ሰፊ ነበር።
«ሱፍ ቂም ይይዛል» ይል ነበር፣ «ካለልኩ ቢወጠር።
ከትከሻ ብትስቢው ጫፉ እዚያው ይቀራል፤
ስፌቱ ግን ብብት ላይ ተጣሞ ይናገራል።»

ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠኝ ልፈርምበት።
ሰው ሳያነብ ሲፈርም ሃያ ሁለት ዓመት
በመስኮቴ ያየሁ ነኝ። ስለዚህ አነበብኩ፣
ጣቴን በየመስመሩ እንደ ሒሳብ እያስኬድኩ፦

ደም ከቆዳው ሥር ሊጠራቀም ይችላል፤
በዚያው ሌሊት መልሶ መክፈት ያስፈልጋል
(«ግፊት አለብኝ» አልኩት፤ ቀና ብሎ ጻፈው)።
ከጆሮ ኋላ ያለው ቆዳ ደም ሲያጥረው
ሊጠቁር ይችላል፤ ሊሞትም፣ ሊረግፍ።
ቁስሉ ሊያመረቅዝ፤ ጠባሳው ሊገዝፍ።
ጉንጭ ሊደነዝዝ፣ ለወር፣ ለዓመት፣
ትኩስ ሻይ ከንፈር ላይ ቢፈስ እስከማይሰማት።

ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቴ ቆመ።
«አፍን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ቢጎዳ
ፈገግታ በአንድ ወገን ብቻ ሊቀር ይችላል።
አብዛኛው ይመለሳል። አንዳንዱ አይመለስም።»

አንዳንዱ።
ይህን ቃል አውቀዋለሁ።
ለነጋዴው በመስኮቴ እኔም እለዋለሁ፦
«የአብዛኛው ሰው ይቃናል፤ የአንዳንዱ…» እላለሁ፤
ያ አንዳንዱ ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ዝም እላለሁ።

ደግሞስ ይህ የእኔ አፍ፣ ቢከፋም ቢለማ፣
ሲወርድ በሁለት ወገን ነው የተስማማ።
አንዱ ጎን ሲስቅ አንዱ ወሬው ካልደረሰው፣
በየትኛው በኩል ነው የምስመው ሰው?

«ላስብበት» አልኩት። «ያስቡ» አለኝ፣ ተነስቶ፤
በሩን እሱ ከፈተው፣ እጄን ጨብጦ፣ ፈርቶ።
እሱም የተቆጣሁ መስሎት ነው።

ማታ ደብረ ብርሃን ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።
ጆሮዬን ዳሰስኩት፤ ሙሉ ነው፤ ይሰማል።

ማግስቱን አንድ ሰው፣ የአህያ ጭነት ነጋዴ፣
ደረሰኝ እየጠበቀ አየኝ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ አንዴ፤
«እትዬ እንግዳወርቅ፣ ማን አስቀየመዎት?»
«ማንም። አፌ ነው» አልኩት፣
«ሲፈጠር ቁልቁለት።»
ሳቀ። ከኋላው ያሉትም።
እኔም እንደ ሳቅኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤
ማኅተሙን ሳነሳ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።

ዕቁቡ ቆርቆሮ ሆነ፤ ክረምት ደርሷልና።
ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከማኅተሙ ቀለም ጋር ነው።
አልፈረምኩትም።
አልቀደድኩትም።